የኔቬና ላፕቶፕ እና የእኔ አንገት

ላፕቶፑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይኸው ተናገርኩ። ከተማችን ሌስኮቫትስ ውስጥ ያልሰማ የለም፣ ብደብቀውም አይጠቅመኝ። ግን ለምን እንዳበላሸሁት ማን ጠየቀኝ? ሁሉም መሳቅ ብቻ! እኔ ዛጎርካ ደግሞ ተስቆብኝ ዝም የምል ሴት አይደለሁም።

ልጄ ኔቬና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ቁም ሳጥን፣ መደርደሪያ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ በኮምፒውተር ትነድፋለች፤ እጇ ወርቅ ነው። ሥራ ግን የለም። ወንድሟ ቦግዳን ጀርመን አገር ዶርትሙንድ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ እዚያ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የምታሽግበት ቦታ አግኝቶላት፣ ለእሁድ የአውቶቡስ ወንበር አስይዞላታል። እሷ መሄድ አትፈልግም። እንደ ምንም ብላ ስታመለክት ኖቪ ሳድ ከተማ ያለ አንድ የቤት ዕቃ ድርጅት ቤቷ ሆና እንድትሠራ ሊቀጥራት ፈለገ፤ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት በካሜራ እያዩዋት እንድትነድፍ ፈተና ሰጣት። ካለፈች ትቀራለች። ከወደቀች እሁድ ትሳፈራለች፣ እኔም ከቴሌቪዥኑ ጋር ብቻዬን እቀራለሁ።

አሁን ወደ ንፋሱ ልምጣ። በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣ ንፋስ ሰው ይገድላል፤ አገራችን ውስጥ ይህን የማታውቅ እናት የለችም። ባሌን ዶብሪቮዬን የገደለው እሱ ነው። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ፤ ሐኪም ምን ያውቃል? ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ ሁለት የተከፈቱ መስኮቶች መሃል ቆሞ ቢራ ሲጠጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት መኖሩ ሌላ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ የዚህች ልጅ ላፕቶፕ ይግል ጀመር። ስትሠራ ቆይታ ድርግም ይልባታል። ምን ታድርግ፣ ከላፕቶፑ ስር የሚቀመጥ ማራገቢያ ገዝታ መጣች፤ ሁለት ክንፍ ያለው፣ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ። እጄን ጠጋ አድርጌ ብሞክረው ቅዝቃዜው ቀጥ ብሎ ሆዷ ላይ! ላፕቶፑም ራሱ በጎኑ ባለው ቀዳዳ ይነፍሳል፣ ያም ኩላሊቷ ላይ።

«ኧረ እማዬ፣ ከኮምፒውተሩ የሚወጣው እኮ ሞቃት ነው» አለችኝ።

«ሞቀም ቀዘቀዘም ንፋስ ንፋስ ነው። ገና ሳትወልጂ ኩላሊትሽን ልትጨርሺው ነው?»

«የጣት ጫፍ የምታህል ንፋስ እኮ ናት! ሳይንስ የሚባል ነገር አለ።»

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ብዬ ጥያት ወጣሁ።

ወጣሁ እንጂ አልተውኩትም። ከወፍራም ሱፍ ዳንቴል ሠርቼ ላፕቶፑ ስር ዘረጋሁላት። እኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም፤ ቴሌቪዥኑ፣ ራዲዮኑ፣ ማተሚያው ሁሉ ለብሷል። ማውሷ እንኳ ሳትሠራ ስትቀር የምታጠልቃት ቆብ አላት። ስለዚህ ልጄ አይታ እንዳላየች አለፈችው። የጎኑን ቀዳዳ ደግሞ በኪሮሽ መርፌ ጫፍ ሱፍ ጠቀጠቅሁበት፤ ብዙም አይደል፣ እፍኝ አይሞላም። ማራገቢያውን ደግሞ፣ የንፋስ ቦታው ደጅ ነው ብዬ፣ ማክሰኞ ጓሮ በርበሬ ስጠብስ በስልኬ ቻርጀር ሰክቼ ከምድጃው አፍ ላይ ደገንኩት። መስከረም ነው፣ ለበረዶው ክረምት የሚቀመጥ ሠላሳ ኪሎ ቀይ በርበሬ ይጠብቀኛል። አቤት እሳቱን እንዴት አድርጎ አነደደው! ከዚያ ቀለጠ። ኔቬና የት ሄደ ስትለኝ «እኔ ምን አውቄ» አልኳት።

ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፑ ድርግም አለ፤ በዚያው ቀረ። ኔቬና ፊቷ ወረቀት መስሎ ራንኮን ጠራችው። ራንኮ መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ከባሌ ጋር ዓሣ ያጠምድ የነበረ ሰው ነው፤ እጁ ጎበዝ፣ አፉ ነገረኛ። ላፕቶፑን ገልብጦ ብሎኖቹን ፈታ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ከዚያ በወረንጦ ነጭ ሱፍ ይስብ ጀመር። ቢስብ ቢስብ አያልቅም።

«እትዬ ዛጎርካ፣» አለኝ ቀና ብሎ፣ «ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ በግ?»

ኔቬና መጀመሪያ ሱፉን፣ ቀጥላ ዳንቴሉን፣ ከዚያ እኔን አየች። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን።

«እማዬ፣ ማራገቢያውስ?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና የማራገቢያውንም ተናዘዝኩ። ራንኮ አፉን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ልጄ ግን አልሳቀችም።

«እንድቀር ስትጸልዪ ሰምቼሻለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሻማ አብርተሽ። ከዚያ ደግሞ በገዛ እጅሽ አውቶቡስ ላይ ታሳፍሪኛለሽ።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። አፈር ብበላ ተመኘሁ።

ራንኮ ሱፉ በላፕቶፑ የውስጥ ማራገቢያ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን እንዳቃጠለው፣ መለወጫውም ሰኞ እንጂ ከዚያ በፊት እንደማይደርስ ነገረን። ሱቁ ያሉት ኮምፒውተሮች ደግሞ የኔቬናን የመንደፊያ ፕሮግራም አይችሉትም።

«ከውጭ ንፋስ ካገኘ ግን ይሠራል» አለ። «የጠረጴዛ ማራገቢያ የላችሁም?»

«እኛ ቤት?» አለች ኔቬና እንባዋን እየጠረገች። «እኛ ሰፈር?»

«እውነትሽን ነው፣ እኔም የለኝም። ሚስቴ ንፋስ ቤቴ አይገባም ትለኛለች።» ላፕቶፑን ገጥሞ በአራት የማሰሮ ክዳን ላይ ከፍ አድርጎ አስቀመጠው። «እንግዲህ የቀረው አንድ መላ ነው። የመንገዱን መስኮትና የጓሮውን በር አንድ ላይ መክፈት፣ ጠረጴዛውንም መሃል ማድረግ።»

«አንድ ላይ?» አልኩ።

«አንድ ላይ።»

አማተብኩ።

ሐሙስ አራት ሰዓት ሲሆን ሁለቱንም በገዛ እጄ ከፈትኩ። መጋረጃው ተነሳ። የኔቬናን ወገብ በሻርፕ ሦስት ጊዜ ጠቀለልኩት፤ እምቢ ለማለት ጊዜ አልነበራትም። እኔ የባሌን ካፖርትና የሱፍ ቆብ ለብሼ፣ የምድጃውን ካርቶን ማርገብገቢያ ይዤ፣ ካሜራው እንዳያየኝ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ደጁ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ነው። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ንፋሱ ላቡ ላይ ይመጣል። ልክ እንደ ዶብሪቮዬ። እኔ ግን ቢራም አልያዝኩ።

ሁለት ሰዓት ገደማ ሰላም ነበር። ልጄ መሳቢያ ትስላለች፣ ማጠፊያ ትስላለች፣ ጣቷ ማውሱ ላይ ይበራል። ስድስት ሰዓት ሲጠጋ ግን ንፋሱ ቆመ። ዕድሜ ልኬን የሸሸሁት ንፋስ፣ በፈለግሁት ቀን! ላፕቶፑ ማጉረምረም ጀመረ፤ ስክሪኑ እየቆመ ይሄዳል። ኔቬና ከንፈሯን ነከሰች። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ተንበርክኬ ማርገብገቢያውን በሁለት እጄ ያዝኩና አርገበገብኩ፣ አርገበገብኩ። ዳንቴሎቹ ከመደርደሪያው ተነስተው በረሩ።

«ኔቬና፣» አለ ከላፕቶፑ ውስጥ የሴት ድምፅ። ፈታኟ ወይዘሮ ስላቪትሳ ናት። «ከጎንሽ ብቅ ጥልቅ የሚለው ምንድን ነው? ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይኖር ተነጋግረን አልነበረም?»

 እኔ ከነቆቤ ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ፣ እናቷ። መንደፍ ቀርቶ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አልችልም። ማራገቢያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ማራገቢያው እኔ ነኝ። ልጄን እንዳትጥዪብኝ፣ በሞቴ!»

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ወደ ካሜራው ጠጋ አለች። ከኋላዬ መጋረጃው ሲወዛወዝ ታየዋለች።

«ቆይ፣ መስኮቱ ክፍት ነው?»

«መስኮቱም በሩም።»

«ሁለቱም? እርስዎም በላብዎ መሃል ላይ ተቀምጠዋል?»

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ።»

ወይዘሮ ስላቪትሳ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ኔቬና እጄን ያዘችኝ።

«የእኔ እናት ይህን ለእኔ እንኳ አታደርገውም» አለች ፈታኟ። «ካሜራው በሚያይዎት በኩል ይቀመጡ፣ እጅዎን እያየሁ ይቀጥሉ። ኔቬና፣ ሃምሳ ደቂቃ አለሽ። እናትዬ፣ እባክዎ አንገትዎን ይሸፍኑ!»

አንገቴን! በዚያ ሁሉ ጥድፊያ ሻርፑን ለኔቬና ሰጥቼ የራሴን አንገት ረስቼዋለሁ። አሁን የሚያነሳ እጅ የለኝም፤ እስከ ሰባት ሰዓት ባዶ አንገቴን አርገበገብኩ። ላፕቶፑ አልጠፋም። ልጄ የመጨረሻዋን መሳቢያ ስላ ላከች።

ዓርብ ጠዋት ስነቃ አንገቴ እንጨት ሆኗል። ወደ ቀኝ እምቢ፣ ወደ ላይ እምቢ።

«ኔቬና!» ብዬ ጮህኩ። «ነይ እዪ ሳይንስሽን!»

እሷ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። ከኖቪ ሳድ ደውለውላት ኖሯል። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ትጀምራለች፣ ከዚሁ ከቤቷ። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እኔ በሕመም እጮሃለሁ፣ እሷ ትስቃለች፣ ሁለታችንም እናለቅሳለን። ቦግዳን ደውሎ ወንበሩን እንደሰረዘ ነገረን፤ ድምፁ ላይ ትንሽ ቅሬታ ነበር፣ ከዚያ «በሉ ከበርበሬው ላኩልኝ» አለ።

ሰኞ ራንኮ አዲሱን ማራገቢያ ገጠመ። ሲወጣ በሩን ክፍት ትቶት ኖሮ የስድብ ዶፍ አወረድኩበት፤ እየሳቀ ተመልሶ ዘጋው። አንገቴ እስካሁን ወደ ግራ ብቻ ነው የሚዞረው። ግራ በኩል ኔቬና ቁጭ ብላ ትሠራለች፣ ላፕቶፑም በጎኑ ይነፍሳል። ይንፈስ።