የመርየም ንቦች

ይህ የምጽፈው ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት መርፌዬ ይዛግ፣ መቀሴ ይደንዝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝና ከዚህ የከበደ መሐላ የለኝም። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ካላመኑኝ በቅዱስ ሚካኤል እምላለሁ፤ ሙስሊሞቹ ካላመኑኝ ወላሂ እላለሁ። በወሎ ሁለቱም ያስኬዳል።

ሞላልኝ እባላለሁ። ደሴ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለው ቤቴ ጓሮ የወጣቶች የእጅ ሥራ ማኅበር ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነው፤ ምናልባትም በዓለም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጎረምሶቹ ይመጣሉ፤ ቅርጫት ይጎነጉናሉ፣ ለወፍ ቤት ይሠራሉ፣ የዝግባ ችግኝ ያፈላሉ፣ ከሸምበቆ ቀፎ ያበጃሉ። ጣሊያን ደሴን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ጣሊያን ሰው ሲሰበሰብ አይወድም፤ ንብ ሲሰበሰብ ግን ምንም አይልም። ስለዚህ "ምን ትሠራላችሁ?" ለሚለን ሁሉ "ንብ እናረባለን" እንላለን። ይህን ስንል አንዲት ንብ አልነበረችንም።

ከጎረምሶቹ አንዱ ባሽር የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ደሴ በአጎቱ ሱቅ ጨርቅ እየለካ ይኖራል። እናቱ መርየም ኮምቦልቻ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእጁ ሥራ የቀራት ንብ ያለበት አንድ ቀፎ ብቻ ነበር። ልጁ ለማኅበሩ ብሎ ለመናትና እሺ አለችው። መስከረም መጨረሻ ላይ ወርጄ ስረከብ ቀፎውን በሻሿ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገችና፣

"አያ ሞላልኝ፣ ይህ አማና ነው" አለችኝ። "ሟቹ በእጁ ያስገባቸው ንቦች ናቸው። ልጁ የአባቱን ሥራ ይማርባቸው። በግንቦት ይመለሱልኝ።"

"አንድ ሰጥተሽኝ አሥር ባልመልስልሽ ሞላልኝ ብለሽ አትጥሪኝ" አልኳት።

"አሥር አልፈልግም። እነዚህን ነው የምፈልገው።"

አማና፣ ማለትም አደራ፣ በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። የሰው አማና የበላ፣ ከወዲህም ይሁን ከወዲያ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ጠጋ ብሎ ቦታ የሚለቅለት አያገኝም። ይህን ስለማውቅ ቀፎውን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። በጀርባዬ አዝዬ ያን ሁሉ አቀበት ብቻዬን ወጣሁት። የጣሊያን የጭነት ካሚዮኖች እያቃሰቱ ሲወጡ እያንጎራጎርኩ አለፍኳቸው። የንቦቹ ድምፅ ቢስቲማ ድረስ ተሰምቷል። ባሽር ባዶ እጁን ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለ "አያ፣ ላግዝዎት?" ይለኛል። "ልጄ፣ አንተ መንገዱን ያዝልኝ" እለዋለሁ።

ኅዳር ላይ ማር ቆረጥን። የሠፈር ሽማግሌዎች "ሞላልኝ የሰው ልጅ ሰብስቦ ጭቃ ያስቦካል" እያሉ ሲያሙኝ ከርመዋል። እኔም ጎረምሶቹ የሠሩትን ሁሉ ጓሮዬ ላይ አስደርድሬ ጠራኋቸው። ቅርጫቱ በአንድ በኩል፣ የወፉ ቤትና ችግኙ በሌላ፤ መሐል ላይ ማሩ። ማሩ አንድ ጋን ሞልቷል። የለም፣ ሁለት ነው። ሽማግሌዎቹ ጣታቸውን እየላሱ ሐሜታቸውን ረሱ። ዋናው ሐሜተኛ አያ በላቸው ብቻ፣

"ለንቦቹስ ምን ተረፋቸው?" አሉኝ።

"ለእርስዎ የተረፈ ለንብ አይጠፋም" አልኳቸው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ ይበልጥ የሳቅሁት እኔ ነኝ መሰለኝ።

ጥር ሲገባ፣ ብርዱ ምድሩን አመድ ባስመሰለበት ማለዳ፣ ንቦቹ ሄዱ። ያየኋቸው እኔ ብቻ ነኝ። እንደ ደመና ተነሥተው የጦሳን ተራራ ጋረዱት። ደንቡ እንደሚለው አፈር በተንኩባቸው፣ አፏጨሁላቸው፤ አልሰሙኝም። በባዶ እግሬ ጦሳ ጫፍ ድረስ ተከተልኳቸው። እዚያ ላይ አውራው ዞር ብሎ አየኝ። ኀዘን ነበረበት። ከዚያ ወደ ቆላው ወረዱ።

ለምን ሄዱ ቢባል፣ ይህን የማያውቅ የለም፤ ንብ ጠብ ካለበት ግቢ አይቀመጥም። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ እንኳ ይሰማዋል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ባሽርና ብሩ የሚባለው ጓደኛው በአንዲት መጥረቢያ የእኔ ተራ ነው፣ የእኔ ተራ ነው ተባብለው ደረት ለደረት ተያይዘው ነበር። ጎረምሶቹ "ንቦቹ ምን ሆነው ነው?" ብለው ሲከቡኝ ስም አልጠራሁም። "ጠብ ገብቷላ" ነው ያልኩት። ዐይናቸው በራሱ ወደ ባሽር ዞረ፤ ቀፎው የአባቱ ነዋ። ባሽር ሸምበቆ የሚልጥበትን ቢላዋ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እሁድ አልመጣም።

ጥፋት የለብኝም፤ ይሄ ግልጽ ይሁን። ብቻ በአጎቱ ሱቅ በኩል ማለፍ ተውኩ። ክር ሲያልቅብኝ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ከሌላ ቦታ እገዛለሁ፤ መራመድ ለጤና ጥሩ ስለሆነ ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ ለልጁ ሰደርያ ሰፋሁለት፤ የጣሊያን ጄኔራል ቢያየው የሚቀናበት ሰደርያ። በብሩ እጅ ላክሁለት። በወጉ አጣጥፎ መለሰው። ሚስቴ የኔነሽ ተቀብላ ዘረጋችውና፣

"ልኩን አውቀህ ነው የሰፋኸው?" አለችኝ።

"እኔ ልክ ስቼ አውቃለሁ?"

ሰደርያውን መልሳ አጣጠፈችው። ከዚያ ወዲህ ማር ከሩቅ ሲሸተኝ ይቀፈኛል። ጨጓራ ነው ይላሉ የሚያውቁ ሰዎች።

ግንቦት ሲደርስ መርየም ላከችብን። ባሽር፣ የኔነሽና እኔ በካሚዮን ወረድን። ልጁ ጭነቱ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

"ለእናትህ ምን ልትላት ነው?" አልኩት።

"እርስዎ ያሉትን።"

"እኔ ምን አልኩ?"

"በጠብ ነው የሄዱት ብለዋል። ተጣልቼም ነበር፤ አልዋሽም።" ፊቱን ሳያዞር፣ "የአጎቴን ሱቅ ልተው ነው። ቢስቲማ አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ እያረስኩላት ንብ ፈልጌ ለእማዬ እስካስገባላት ድረስ" አለ።

"ቢስቲማ መልካም አገር ነው" አልኩት።

መርየም ከግቢዋ ግራር ሥር አስቀመጠችን። ቀፎው ይሰቀልበት ከነበረው ቅርንጫፍ ገመዱ አልተፈታም። ኑርሁሴን የሚባሉ ጎረቤቷ ሽማግሌ ለምስክርነት ተጠርተው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሁሉም እኔን ሲያዩኝ ጀመርኩ፤ ደመናውን፣ አፈሩን፣ ፉጨቱን፣ ጦሳን፣ የአውራውን ኀዘን። ስጀምር ድምፄ ደህና ነበር። መሐል ላይ ውሃ ጠየቅሁ። መርየም ራሷ አምጥታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ ሳልጠጣው ጎኔ አስቀመጥኩት።

ስጨርስ ወደ ልጇ ዞረች።

"ተጣልተሃል?"

"ተጣልቻለሁ፣ እማዬ።"

"በአባትህ ንቦች ፊት?"

አንገቱን ደፋ።

"እኔ ለአያ ሞላልኝ ስሰጥ አንተን አምኜ ነው" አለችው። "ያባትህን እስክትመልስ ድረስ ዐይንህን አላይም። ሂድ።"

አባ ኑርሁሴን "መርየም፣ ቀስ በይ፣ ልጅ ነው" አሉ። እሷ ግን ፊቷን አዙራለች። ባሽር ተነሥቶ ጫማውን ፈለገ። አፌን ከፈትኩ። ልናገር የፈለግሁት ሌላ ነበር፤ የወጣው ግን "ጦሳ ጫፍ ድረስ ነው እኮ የተከተልኳቸው" የሚል ሆነ።

"ቁጭ በል፣ ባሽር" አለች የኔነሽ።

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እኔንም አላየችኝም። ወደ መርየም ጠጋ ብላ እጇን ያዘቻት።

"ንቦቹ የትም አልሄዱም፣ እቴ። ቀፎውን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣው ልጅሽ ነው፤ ባሌ የመጣው በካሚዮን ነው። ኅዳር ላይ ለሽማግሌዎቹ ለማሳየት ብሎ ቀፎውን አራግፎ ቆረጠው፤ አንዲት የማር እንጀራ አላስቀረላቸውም። የደሴ ብርድ ሲመጣ የሚበሉት አልነበረም። ጦሳ የወጣ ሰው የለም፤ ያን ማለዳ እሱ ተኝቶ ነበር። ቀፎውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንዱ ባንዱ ላይ ተጣብቀው ረግፈው አገኘኋቸው። በሰፌድ ሰብስቤ ከጎመኑ ሥር ቀበርኳቸው። ልጅሽ ይህን አያውቅም።"