ፍሪጁ በመስኮት ሲገባ

የዳሶም አባት ከኮሪያዋ ከተማ ከኢንቾን አምስተርዳም የምትኖር ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ኪምቺ የሚባለው የኮሪያ የተብላላ ጎመን የሚቀመጥበት ፍሪጅ ገዙላት። ፍሪጁ ግን በጠባቡ ደረጃ አላልፍ አለ። ባሏ ዮሪስ በቤቱ ፊት ከጣሪያው ሥር ወደ ውጭ በወጣው የዕቃ መሳቢያ መንጠቆ ገመድ አስገባ።

አባት ሳቁ። "በገመድ? እኛ አገር እኮ መሰላል ያለው መኪና አስራ አምስተኛ ፎቅ ያደርሰዋል!"

"እዚህ እንዲህ ነው፣ አባባ። ዞር ይበሉ፣ እንዳይወድቅብዎት!" አለች ዳሶም።

ጎረቤቶች ገመዱን ያዙ። ዳሶም መሀል መንገድ ላይ ቆማ በሆላንድኛ "ሳቡ! ቀስ! ወደ ግራ!" እያለች አዘዘቻቸው። ፍሪጁ ሳይጫር በመስኮት ገባ።

አባት ስልካቸውን አውጥተው ሚስታቸው ጋ ደወሉ።

"ስሚ! ያቺ ዓይን አፋሯ ልጅሽ እነዚህን ግንድ የሚያካክሉ ሰዎች ስታዛቸው ዋለች፤ አንዱም ከቃሏ አልወጣም!" አሉ፤ ድምፃቸው መንገዱን ሞላው።