ጠበበኝ ያለው ጫማ

ጫማ ሰፊው የልብ ሕመም በድንገት ጥሎት፣ ተርፎ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ የሚስቱ ዓይን ከደረቱ ላይ አልተነቀለም። ሲያስል ትደነግጣለች፤ ዝም ሲል ይብስባታል። እሱ «አምቡላንሴ» እያለ ይቀልድባታል።

በሦስተኛው ሳምንት ጫማውን ሲያጠልቅ ፊቱን አጨማደደ።

«ጠበበኝ።»

«የገዛ እጅህ ሥራ?»

«ቆዳ ነዋ! ይሄን ያህል ጊዜ ማን ረገጠው? ተኮማትሯል።»

በጫማ ነገር እሱን የሚሞግት የለም። ውሃ አርከፈከፈበት፣ የእግር ቅርጽ ያለውን እንጨት ከተተበትና በመዶሻ ወጠረው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። መዶሻ ካነሳማ ድኗል አለች በሆዷ። ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና እህል ቀመሰች።

በሦስተኛው ቀን ጫማው እንደገና ጠበበው። እንደገና ኳ፣ ኳ። አሁን ግን በየመሃሉ ቆም እያለ ይተነፍሳል። ሁለት የነበረው ትራሱም ሦስት ሆነ።

«ደረትህን አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ደረቴስ ደህና ነው። ጋደም ስል ብቻ ያፍነኛል።»

አንድ ጠዋት መዶሻው ድንገት ዝም አለ። ሮጣ ገባች። ጫማውን እንደታቀፈ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ያለከልካል። አየር ያግኝ ብላ ካልሲውን ስታወልቅለት የካልሲው ላስቲክ እግሩ ላይ ቦይ ቀዶ አየች። በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«አንተ ሰውዬ! ጫማው መች ጠበበ! እግርህ ነው ያበጠው!»

ጎንበስ ብሎ አየው። ሠላሳ ዓመት የሰው እግር ሲለካ የኖረ ሰው፣ የራሱን አልለካም።

«ልቡ ደም መግፋት አቅቶታል» አላት ሆስፒታል ስታደርሰው ያየው ሐኪም። «ውሃው እግሩና ሳንባው ላይ ተጠራቅሟል። ሁለት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ…» አልጨረሰውም። እሷ በሆዷ ጨረሰችው።

«እኔኮ ደረቱን ነበር የምጠብቀው።»

«ከእንግዲህ እግሩንም ይዩለት።»

በመድኃኒት ውሃው ወጣለት። ቤት ሲመለስ ያ የተወጠረ ጫማ ሰፋው፤ በተራመደ ቁጥር ከተረከዙ እየወለቀ ጧ፣ ጧ ይላል።

«ላጥብበው» አለ።

«እንዳትነካው! እንደገና ሲጠብህ እንድናውቅ!»

ዛሬም ዕቃ እያጠበች ጆሮዋ እዚያው ጫማ ላይ ነው። ጧ፣ ጧ። አንዳንዴ በሩ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይቋረጣል። ሳህኑ እጇ ላይ ይቀራል።

«አለሁ፣ አምቡላንሴ! ቁልፍ እየፈለግኩ ነው!»

እሷ ግን አውራ ጣቷን በቀሚሷ እያደረቀች መጥታለች።