የተምጫ ሙላት ያልወሰደው ሰው

ዝናብ ሰው አሳልፎ ይሰጣል? መልሱልኝ! ደመና በቅሎ ጭኖ ምሽግ ድረስ ወጥቶ፣ «የምትፈልጉት ሰው ቤቴ ተኝቷል» ሲል የሰማ አለ? ጣሊያን ከወጣ ወዲህ አስማማው በየሰንበቴው ጽዋ አንሥቶ፣ «የኔታን ያስያዛቸው የተምጫ ሙላት ነው» ይላል። ሰሚውም ከንፈሩን እየመጠጠ «የእግዜር ቁጣ ነው» ይለዋል። የእግዜር አይደለም! እኔ እዚያው ነበርኩ።

የኔታ አካለ ወልድ የቅኔ መምህራችን ነበሩ። በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ክረምት፣ በቅዳሴ የጣሊያንን ንጉሥ ስም ጥሩ ቢባሉ እምቢ ብለው ይፈለጉ ነበር። ሱዳን ለመሰደድ ቆርጠው ሲነሡ ባለቤታቸው እመት ጤናዬና እኔ ተከተልናቸው። ሐሳባችን ተምጫን ተሻግረን፣ ደምበጫን በጎን ትተን ወደ ድንበር ለመውረድ ነበር። መልካው ስንደርስ ግን ሰማዩ ተቀደደ። ወንዙ ዛፍ ከነሥሩ እያንከባለለ ይወርዳል።

መንገደኛ እየያዘ የሚሻገርበት መጫኛ ከአስማማው ቤት ነበር። ደጁ ላይ ቆሞ ተቀበለን።

«የኔታ፣ ተምጫ ዛሬ ሰክሯል። ከሰካራም ጋር አይጋፉም። አድረው ነገ እኔው ራሴ አሻግሬ እሸኝዎታለሁ።»

የየኔታን እግር በእጁ አጠበ። ጉልበታቸውን ሳመ። ያለውን አቀረበ፤ ካልበላችሁ ብሎም በስመ ሥላሴ ለመነን።

ዝናቡ ጎሕ ሲቀድ አባራ። ወርጄ ባየው ወንዙ ከጭን አያልፍም፤ መጫኛም አያሻም። እየሮጥኩ ተመለስኩ።

«የኔታ፣ ጎድሏል! እንሂድ!»

«አስማማውስ?»

«የለም። ሚስቱም የት እንደሄደ አላውቅም አለች።»

«እንግዲያው ይምጣ። የሰው እህል በልቼ፣ በሰው መደብ ተኝቼ፣ ባለቤቱ ሳይሸኘኝ እንደ ሌባ ልውጣ? ምን ይለናል?»

እመት ጤናዬ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከደጅ ቆመዋል። «እሱ የሚለንን እንጃ፤ ጣሊያን የሚለንን ግን አውቃለሁ። የእርስዎ ይሉኝታ ከተምጫ ይብሳል፤ ተምጫስ ይጎድላል!»

የኔታ ሣቁ። «ትንሽ ታገሡ፣ ይመጣል» አሉ። አገራችን እንግዳን እንዲህ ነው ያሳደገችው፦ ያለ ሽኝት አይወጣም። አስማማውም ይህን ያውቅ ነበር። መጠበቂያ ዘብ ሳያስፈልገው በገዛ ጨዋነታቸው አሰራቸው።

ልፈልገው ወጣሁ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መሬቱን አለስልሶት የአስማማው በቅሎ ኮቴ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደ መልካው አይወርድም፤ ሽቅብ ጣሊያን ወደመሸገበት ኮረብታ ይወጣል። ይኸው ዝናብ ነው እንግዲህ የሚከሰሰው! ያ ዝናብ እኮ ምስክር ነው!

ስመለስ የጣሊያን ወታደሮች አስማማው እየመራቸው በሌላ በኩል ወርደው ቤቱን ከበዋል። ከእሾህ አጥሩ ኋላ ተሸሽጌ አየሁ። እመት ጤናዬን በሰደፍ ገፍትረው ጣሏቸው። የኔታን የፊጥኝ አሰሯቸው። እሳቸው ግን አስማማውን ትክ ብለው አይተው፣

«ልትሸኘኝ መጣህ?» አሉት።



የኔታ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። እመት ጤናዬ እስከ ዛሬ ተዝካር አላወጡም። መሞታቸውን የነገራቸው የለም፤ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት ደግሞ ይፈራሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን አስማማው ጽዋ ያነሣል፣ ደመና ይከሳል፤ እናንተም ከንፈር ትመጥጣላችሁ! ወንዝ አፍ የለውምና ደፈራችሁት።

አስማማው! የፊታችን እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከደጀ ሰላሙ ቆመህ፣ እመት ጤናዬና ሕዝቡ እየሰሙ መልስ፦ በዚያ ማለዳ በቅሎህን የት ወሰድካት? የኔታንስ የት አደረሷቸው?