አልቀመጥም

ልጄ ልዑልቃል ጫማዬን ደበቀብኝ። ስንቱን የካዛንቺስ ልጅ «ተነስ! ተቀመጥ!» እያልኩ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁት እኔ ጀማነሽ፣ በገዛ ቤቴ በነጠላ ጫማ ቀረሁ።

ነገሩ የጀመረው ደጃፌ ላይ አንሸራትቶኝ የእጄ አንጓ የተሰበረ ጊዜ ነው። ሐኪሟ ሀዊ የምትባል ልጅ ነበረች። ራጁን አይታ አጥንቴ እንደሳሳ ነገረችን። «ስለዚህ በየቀኑ ይራመዱ፣ የጠዋት ፀሐይ ይሙቁ። በጾም ወተቱ ሲቀር ደግሞ ሰሊጥና ጎመን አይለይዎት» አለችኝ። ልዑልቃል ግን «ሳስቷል» ከሚለው ወዲያ ያለውን አልሰማም። ሶፋው ላይ ትራስ ደረደረልኝ። ብድግ ስል «እማዬ፣ ተቀመጪ!» ወደ ደጅ ስጠጋ «ምች ይመታሻል!» ሆነ ነገሩ ሁሉ።

አክብሮት መሆኑ አይጠፋኝም። እህቴን ልዩንም ልጆቿ ያከበሯት እንዲሁ ነበር። አንዴ ብትወድቅ «አርፈሽ ተቀመጪ» ብለው ምግቡንም ውሃውንም እጇ ድረስ አመጡላት። ከወንበር ወደ አልጋ ሄደች፣ ከአልጋው ሳትነሳ ቀበርናት። እኔ እንደዚያ አልሄድም ብዬ ማልኩ።

ያወጣችኝ ጎረቤቴ ጀሚላ ናት። ወገቧ መጉበጥ ከጀመረ ወዲህ፣ አጥሩ ከሰው ዓይን በሚከልላት በኩል እጅጌዋን ሰብስባ ፀሐይ ትሞቃለች። ምች አትፈሪም ወይ ብላት፣ «ይምታኝ እንጂ! ቀጥ ብዬ እንደቆምኩ ይምታኝ!» ብላ አሳቀችኝ። ጫማዬ መደበቁን ስትሰማ የራሷን ሸራ ጫማ አቀበለችኝ።

«ይጠብሽ ይሆናል» አለች።

«ሶፋው ይብሳል» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ልዑልቃል መኪናውን ሊያሳጥብ ቡልጋሪያ ሰፈር ሲሄድ ወጣን። ተደብቄ አይደለም። ዘበኛችንን ፈየራን «ልጄ ሲመጣ መስቀል አደባባይ ናት በለው» ብዬው ነው። መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ «እትዬ፣ ምነው በእግር? ታክሲ እንጥራልዎ?» ይላል። «እግር አለኝ!» እላለሁ።

አደባባዩ ላይ ሯጮቹ አጠገባችን ሽው ይላሉ። እኛ ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ እየቆምን እየተነፈስን ደረጃውን ስንወጣ ልዑልቃል ከታች ታየኝ። ከመኪናው ዘሎ ወርዶ «እማዬ! ባለሽበት ተቀመጪ!» እያለ ሽቅብ ሮጠ። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው፤ ልጄ ነዋ። ግን አልተቀመጥኩም።

እኔ ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆርጦ መናገር አቃተው። ቦርጩን ይዞ አጎነበሰ።

«ተቀመጥ ልጄ» አልኩት። «ደክሞሃል።»

ተቀመጠ። ጀሚላ በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«ብትወድቂስ?» አለ ቀና ብሎ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እንደ አክስቴ ብትሆኚብኝስ?»

«አክስትህን ወንበሩ ነው የገደላት። እኔ ብወድቅ እንኳ ቆሜ ነው የምወድቀው። ጫማዬ የት አለ?»

ቁልቁል ወደ መኪናው አመለከተ።

«አምጣው።»

«እማዬ፣ በመኪና አብረን...»

«አምጣው አልኩህ! ስትመለስም በደረጃው ና። አንተም አጥንት አለህ።»

እየተነጫነጨ ወረደ። ጫማውን ይዞ እስኪመለስ ድረስ እኔና ጀሚላ ሌላ እርከን ወጣን።