አዛውረኸኛል ወይስ አባዝተኸኛል?

በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ «ሬዲዮ» ይሉኝ ነበር፤ ስለማላወራ።

የቁም ሣጥን ጣውላ አቆራረጥ የሚያወጣልን ሶፍትዌር ፈቃዱ ለአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ የተሰጠ ነው። ሌላው ላይ ቢጭኑት አይከፈትም። ያ ኮምፒውተር ሰጋቱራ ጠጥቶ ማቃሰት ሲጀምር የሁለት ሳምንት ምሳ ሰዓቴን ሰዋሁና እንዳለ አዲስ በተገዛው ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁት። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል፤ ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው። ፈቃዱን እንዲያዛውሩልን ለሻጮቹ ጻፍኩ፤ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አርሜ። የማሽኑን መለያ ቁጥር መዘገቡና «ለዚህ ብቻ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ» አሉ።

ባለቤቱ ጋሼ ደንበኛ ሲያስጎበኙ የእህታቸውን ልጅ ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «ይሄ ነው የሠራው። ኮሌጅ የገባ ሰው ሌላ ነው።» ልጁ ፈገግ አለ እንጂ አላስተባበለም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩት ወደ ጣውላዬ ተመለስኩ። በሳምንቱ «ሥራ ቀዝቅዟል» ብለው አሰናበቱኝ።

ስወጣ የእህታቸው ልጅ አዲስ ላፕቶፕ ታቅፎ በር ላይ ቆሟል።

«ማሽኑን ወደዚህ ልገለብጠው ነው። የምትነግረኝ ነገር አለ፣ ሬዲዮ? ወይስ ባትሪህ አልቋል?»

ነበረኝ። ማሽኑ አዲስ ቦታ ላይ ሲከፈት «አዛውረኸኛል ወይስ አባዝተኸኛል?» ብሎ ይጠይቃል። «አባዝቼሃለሁ» ካሉት መለያ ቁጥሩን ይቀይራል፤ ያኔ ፈቃዱ ገደል ገባ። የሚያባዛ ሰው ደግሞ ሌላ ምን ይመልሳል?

«አልቋል» አልኩት።

በአምስተኛው ቀን ጋሼ አዲስ የተቀጠርኩበት እንጨት ሥራ ቤት ድረስ መጡ።

«ልጄ» አሉ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። «ማሽኑ ፈቃድ የላችሁም ይላል። ልጁ የድሮውንም ቦታ ያጣብባል ብሎ አጥፍቶታል። ሃያ ስምንት ቁም ሣጥን ለሰኞ ቃል ገብቻለሁ።»

«የሠራውን ይጠይቁት እንጂ፣ ጋሼ።»

«የሠራኸው አንተ ነህ።»

«አልሰማሁም።»

ደገሙት፤ ጮክ ብለው። አብረውኝ የሚሠሩት መላግ አቁመው አዩን። የድሮው መለያ ቁጥር ደብተሬ ላይ አለ። አንድ መስመር ብጽፍ ማሽኑ ነፍስ ይዘራል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«መጥቼ አስተካክላለሁ» አልኩ። «ይህንኑ እዚያ፣ በልጁና በሠራተኛው ፊት ይድገሙልኝ።»

ጫማቸውን አዩ። «እህቴ ምን ትለኛለች?»

መላጊያዬን አነሳሁ። ወጥተው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ደንበኛቸው የሃያ ስምንቱን ቁም ሣጥን ትእዛዝ ይዞ ወደ እኛ መጣ። ሶፍትዌር የለንም። እያንዳንዱን ጣውላ በሜትር ለካሁ፣ በእርሳስ አሰመርኩ፤ ሳልቸኩል፣ ጣቴ እስኪጠቁር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥራ ጥሞኝ አያውቅም።