ሦስተኛዋ ሴል

ባትሪውን የሠራችው ሜቪስ ናት። ይህ አስቀድሞ ይነገር፣ ሌላ ሰው አይናገርላትምና። ስምንቱን የሊቲየም ሴሎች ከተገለበጠ አውቶቡስ ሆድ በገዛ እጇ ፈልቅቃ ያወጣች እሷ፣ የሞተውን ከደህናው የለየች እሷ፣ በመዳብ ያያያዘች፣ በየመካከላቸው የወለል ሴራሚክ ሰክታ ሣጥን ውስጥ ያሰረች እሷ። ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ በሚቆፈርበት ሜዳ ላይ ያለ ወንድ ሁሉ ግን "የሎይድ ባትሪ" ይለዋል። ሎይድ የእህቷ ልጅ ነው። ጎበዝ ቆፋሪ ነው፣ አይካድም፤ ባትሪ ላይ ግን ቀይ ቀለም ካልተቀባለት ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ አይለይም።

ሜቪስ ትምህርት ቤት አልገባችም። በእሷ ልጅነት የጥቁር ልጅ የሚላከው ወደ ነጮቹ ማጀት ድስት ሊፈትግ ነበር። ፊደል አትቆጥርም። ቁጥር ግን ማንም አያታልላትም፤ የመለኪያዋን መስኮት አየት ስታደርግ የትኛዋ ሴል እንደራባት፣ የትኛዋ እንደጠገበች ታውቃለች።

ያን ዓመት ሎይድ ሮይስ የሚባል ሸሪክ ያዘ። አንገቱ ከጭንቅላቱ የሰፋ፣ ከሰው ጋር ሲነጋገር ከብት የሚነዳ የሚመስል ሰው ነው። ይዞ የመጣው አንድ ዊንች ነበር፤ ከአሥራ ስምንት ሜትር ጉድጓድ የአፈር ባልዲ የሚጎትት። ዊንቹ ሲነሣ ባትሪውን በአንድ ጉርሻ ስለሚመጠው፣ ሜቪስ የገጠመቻት ጠባቂ ቦርድ ደንግጣ መብራቱን ትቆርጣለች። ሮይስ ሦስት ቀን ተሳደበ፣ በአራተኛው ቀን ቦርዷን ነቅሎ ወረወራት፣ ሽቦውንም በቀጥታ አሰረው።

"ቦርዷ ዘበኛ ናት" አለችው ሜቪስ። "አንዷ ሴል ከእህቶቿ ቀድማ ስትጠግብ በቃሽ የምትላት እሷ ናት።"

"ሰነፍ ዘበኛ ናት፣ አባረርኳት" አለና ሳቀ።

ከዚያ በኋላ የዘበኛዋን ሥራ ሜቪስ ያዘች። ሦስተኛዋ ሴል ሆደ ጠባብ ናት፤ ፀሐይ ከፍ ሲል ሌሎቹ ገና ሲጎርሱ እሷ ጢም ትላለች። ሜቪስ በየቀኑ የአሮጌ መኪና የፊት መብራት አምፖል በሁለቱ ጫፎቿ ላይ ታስርባታለች። አምፖሉ እንደ ፍም ቀላ ብሎ ትርፉን ይጠጣላታል፤ ሴሏ ከእህቶቿ ስትስተካከል ትፈታዋለች። ሥራው ይኸው ነው። ወንዶቹ ግን አሮጊቷ መብራት በቀን እያበራች ትጫወታለች ይሉ ነበር።

ነገሩ በሆነበት ቀን ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያስጮኸው ነበር። ሎይድ ከጠዋት ጀምሮ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ሜቪስ ወደ ባትሪው ቤት ስትገባ አምፖሏ የለም።

"አምፖሌስ?"

"መኪናዬ አንድ ዓይኑ ጠፍቶበት ነበር፣ ሰጠሁት" አለ ሮይስ ከደጅ። "ኤሌክትሪካችንን በከንቱ ከምታቃጥይው።"

መለኪያዋን አወጣች። ሰባቱ ሴሎች እኩል ናቸው፤ ሦስት ነጥብ አራት፣ ሦስት ነጥብ አራት። ሦስተኛዋ አራት ነጥብ ሁለት። ጎኗ በፀሐይ እንደተኛ የሞተ ውሻ ሆድ ተነፍቷል።

"ሎይድን አውጣው! አሁን!"

ሮይስ ገባና ግድግዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ በጣቱ መታ መታ አደረገ። "ሃያ ስምንት ቮልት። ድምሩ ልክ ነው። ዓይንሽ ደክሟል፣ እማማ።"

"ድምሩ! ስምንት ሰው ገበታ ተቀምጦ፣ ሰባቱ ሳይጠግቡ አንዱ ሆዱ እስኪቀደድ ቢበላ፣ አንተ ሳህኑ ባዶ ነውና ሁሉም በልቷል ትላለህ?"

ባትሪውን የሚሞላውን የሶላር ሽቦ ልትነቅል እጇን ዘረጋች። ሮይስ መለኪያዋን ከእጇ መትቶ ጣለው፣ ረግጦም ሰባበረው። ሁለተኛ ስትዘረጋ በቀሚሷ አንገት ጨምድዶ እንደ ጆንያ ወደ ደጅ ወረወራት። ጠጠሩ ላይ በፊቷ ወደቀች። ደም ተፋች፤ ከደሙ ጋር ጥርስ ወጣ። እስከዚያ ድረስ የቀሯት አምስት ነበሩ።

"ሎይድ ይህን ቢያይ ያርድሃል" አለችው።

"ሎይድ የኔን ዊንች ይፈልጋል፣ ያንቺን ጥርስ አይፈልግም።"

ይህን ብሎ አፉን ሳይገጥም ሦስተኛዋ ሴል ተቀደደች። መጀመሪያ እንደ ተወጋ በሬ ሆድ ተነፈሰች፤ ረዥም ፉጨት ነው። ነጭ ጭስ ቤቱን ሞላው። ቀጥሎ ከተላቀቀ ሽቦ ብልጭታ ዘለለና ጭሱ በአንድ ጊዜ ነደደ። የፊት ለፊቱ ቆርቆሮ ተገንጥሎ በሮይስ ራስ ላይ አለፈ፤ ጢሙ ተቃጠለ፣ የጆሮው ጫፍ ተቆርጦ ተንጠለጠለ።

ሜቪስ ግን እሳቱን አልነበረም የምታየው። ማራገቢያውን ነበር። ለጉድጓዱ አየር የሚገፋውን ማራገቢያ ሮይስ አቧራ እንዳይበላውና ቀዝቃዛ አየር እንዲስብ ብሎ ከባትሪው ጎን ጥላ ውስጥ አስቀምጦታል። ማራገቢያውም እንደታዘዘው ይሠራል። ሰባቱ ሴሎች እያጎረሱት፣ ያን ነጭ ጭስ ይስባል፣ በወፍራሙ ቱቦ አድርጎ አሥራ ስምንት ሜትር ታች ሎይድ አፍንጫ ላይ ያፈስሰዋል።

ከጉድጓዱ ሳል ተሰማ። ከዚያ የሳል ብቻ ያልሆነ ድምፅ።

"አክስቴ!"

ወደ ባትሪው ቤት መግባት አይቻልም፣ ነበልባሉ በሩን ይዞታል። ሜቪስ ከእንጨት ክምሩ ላይ መጥረቢያውን አንሥታ ወደ ቱቦው ሮጠች። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሮጠች። መጥረቢያውን ከፍ ስታደርግ ሮይስ ከኋላ ክንዷን ያዘ።

"አብደሻል? አየሩን ልትቆርጪበት ነው?"

"አየር አይደለም፣ መርዝ ነው! ልቀቀኝ!"

"ያለ ማራገቢያ ያፍናል! ቆይ፣ በዊንች አወጣዋለሁ!"

"ባልዲው ላይ ራሱን ስቶ ይቀመጥልሃል? ልቀቅ!"

አልለቀቀም። በቡጢ ጎኗን መታት፣ የጎድን አጥንቷ ሲሰነጠቅ ሰማችው። ታች ሳሉ እየደከመ ነው። ሜቪስ ከዚያ በላይ አልተከራከረችም። ጎንበስ ብላ እጁን ነከሰችው፣ በቀሩት አራት ጥርሶች እስከ አጥንት ነከሰችው፤ ሲለቃት ዞራ በመጥረቢያው ጀርባ ጉልበቱን አለችው። ጉልበቱ የደረቀ ግንድ ሲሰበር እንደሚጮህ ጮኸ። ሮይስ ወደቀና እንደ ልጅ አለቀሰ።

ቱቦውን በሁለት ምት ቆረጠችው። ጭሱ ፊቷ ላይ ፈሰሰ፣ ዓይኗን በርበሬ እንደነሰነሱበት አቃጠለው። የተቆረጠውን ጫፍ በእግሯ ከጉድጓዱ አፍ ገፋችውና በሆዷ ተኝታ ወደ ታች ጮኸች።

"ሎይድ! ጭሱ ቆሟል! መሰላሉን ያዝ!"

መሰላሉ አልተንቀሳቀሰም።

"አንተ የእህቴ ልጅ! እናትህን በዚህ እጄ ቀብሬያለሁ፣ አንተን አልቀብርም! ያዝ መሰላሉን!"

ብረት ተንቀጫቀጨ። አንድ እርከን። ቆመ። ሌላ እርከን። ሜቪስ እያንዳንዷን ጮክ ብላ ቆጠረችለት፤ በቆመ ቁጥር ሰደበችው፣ ስሙን፣ አባቱን፣ ስንፍናውን። ሃምሳ ሦስት ላይ እጁ ብቅ አለ። በፀጉሩ ይዛ አወጣችው። ዓይኑ ጥሬ ሥጋ መስሏል፤ አስታወከ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር። ሁለት ጊዜ በጥፊ አጮለችው።

"ተንፍስ!"

ተነፈሰ። ፉጨት ያለበት፣ አስቀያሚ ትንፋሽ ነው፤ ግን ገባ፣ ወጣ።

ጎረቤት ቆፋሪዎች በአካፋ አሸዋ እየረጩ እሳቱን አጠፉት። ሜቪስ ጎኗን ይዛ ቀረብ ብላ አየች። ሦስተኛዋ አመድ ሆናለች፣ አራተኛዋ ተቀድዳለች። ስድስቱን ሴሎች ግን ወንዶቹ ሁሉ የሳቁበት የወለል ሴራሚክ አድኗቸዋል።

ሎይድንና ሮይስን ወደ ክሊኒክ ለመውሰድ የሮይስን መኪና አስነሡ። አንድ ጎረቤት መሪውን እንደያዘ አንገቱን አወጣ።

"የሎይድ ባትሪ ነው የፈነዳው?"

ሎይድ ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ ሳሉ አፈነው። ሜቪስ ከመኪናው ፊት ሄዳ ቆመች። መጥረቢያው እጇ ላይ ነው።

"ሴትዮ፣ እግሬ!" አለ ሮይስ ከኋላ ተጋድሞ። "እግሬን ሰብረሽዋል፣ አሳልፊን!"

"ሌላ እግር አለህ። ስማኝ። ስድስት ሴል ቀርቶኛል፣ ነገ ላስተካክላቸው ነው፣ ይህ መኪናም በኔ አምፖል ሲያይ አልፈቅድም። መጀመሪያ ለዚህ ሰው ባትሪው የማን እንደሆነ በአፍህ ንገረው፤ ጮክ ብለህ፣ ሁሉም ይስማ። ከዚያ የመኪናህን ፊት አስከፍትና አምፖሌን ስጠኝ።"